ገንዘቡን ማን ተቀበለ? የአሜሪካ የእርሻ ድጎማና የተቀባዮቹ ስም ዝርዝር ታሪክ

መንግሥት በግብር የሰበሰበውን ገንዘብ መልሶ ለሕዝብ በሚያከፋፍልበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ገንዘቡ የተመደበው ለምን ጉዳይ ነው? የሚል ነው፤ የዚህ መልስ በአዋጁ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን በእጁ የተቀበለው ማን ነው? የሚል ነው። ይህኛው በአዋጅ ላይ አይጻፍም። የሚገኘው በመዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤቱም ለሁሉ ሰው ክፍት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የአሜሪካ መንግሥት ከ1933 ጀምሮ ለአራሾች ሲከፍለው የኖረውን ድጎማ ነው። በተለይም የተቀባዮቹ ስም በየጊዜው እንዴት ወደ አደባባይ እንደ ወጣና መውጣቱ ምን እንደ ለወጠ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምደርስበትን አሳብ ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ስም ዝርዝሩ በወጣ ቁጥር ክርክሩ መልኩን ለውጧል፤ ሕግም ተሻሽሏል። ነገር ግን ዝርዝሩ የሚያሳየው የተቀበለውን እንጂ ሳይቀበል የቀረውን አይደለም። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው በውስጡ የሌሉትንም ሰዎች መፈለግ አለበት። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድጎማው አነሣሥ

በ1929 በአሜሪካ ገበያ ከ16 ሳንቲም በላይ ያወጣ የነበረው አንድ ፓውንድ ጥጥ፣ በ1932 ዋጋው ወደ 6 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ስንዴውም በቆሎውም እንደዚሁ ሆነ። ገበሬው ዕዳውን መክፈል ስላቃተው መሬቱ በሐራጅ ይሸጥ ጀመር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ ግንቦት 12 ቀን 1933፣ የእርሻን ምርት ከገበያ ጋራ ለማስተካከል የወጣውን ሕግ ፈረሙ።

የሕጉ አሠራር ቀላል ነበር። ምርት ስለ በዛ ዋጋ ወርዷል፤ እንግዲያው ምርቱ ይቀነስ፤ ለቀነሰውም ሰው መንግሥት ይክፈለው የሚል ነበር። የሚከፈለውም ገንዘብ ጥጡን ከሚፈትሉትና ስንዴውን ከሚፈጩት ፋብሪካዎች በሚሰበሰብ ልዩ ቀረጥ እንዲገኝ ተወሰነ። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ጥጡ በቅሎ ስለ ነበር፣ በዚያው በጋ 10 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የበቀለ ጥጥ በማረሻ ተገልብጦ ተቀበረ። (አንድ ሄክታር ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ነው።) ሰው በታረዘበት ዘመን ጥጥ መቅበር ብዙ ሰዎችን አሳዘነ፤ ዋጋው ግን ከፍ አለ። ሕጉን ከዚህ በኩል ብቻ ለሚመለከተው ሰው አሳቡ የተሳካ ይመስላል።

ግማሽ ሳንቲምና አራት ሳንቲም

ይሁን እንጂ በደቡብ አሜሪካ መሬቱን የሚያርሰው ሰው በአብዛኛው ባለመሬቱ አልነበረም። የባርነት ሥርዓት በ1865 ከፈረሰ በኋላ ጥቁሮቹ ነጻ ወጡ እንጂ መሬት አላገኙም። መሬት ካጡት ነጮች ጋራ ሆነው በባለርስቱ መሬት፣ በባለርስቱ በቅሎና በባለርስቱ ዘር እያረሱ ምርቱን እኩል ይካፈሉ ነበር። በአገራችን ዱሮ የእኩል አራሽ ይባል የነበረው ዓይነት መሆኑ ነው። ሒሳቡን የሚይዘው ባለርስቱ ስለ ነበር፣ በዓመቱ መጨረሻ የአራሹ ድርሻ ብዙ ጊዜ ለቀለብ ለተበደረው እንኳን አይበቃም ነበር።

መንግሥት ለ1934ና ለ1935 ያወጣው የጥጥ ውል ክፍያውን በሁለት ከፈለው። መሬቱ ሳይዘራ በመቅረቱ በፓውንድ 3 ሳንቲም ተኩል ኪራይ ለባለርስቱ ይሰጣል። ዋጋ ማስተካከያ ተብሎ ደግሞ በፓውንድ 1 ሳንቲም ይታሰብና ባለርስቱና የእኩል አራሹ እኩል ይካፈሉታል። ድምሩ ለባለርስቱ 4 ሳንቲም፣ ለአራሹ ግማሽ ሳንቲም፤ ማለት ስምንት ለአንድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ገንዘቡ የሚያልፈው በባለርስቱ እጅ ስለ ነበር፣ ያቺ ግማሽ ሳንቲም እንኳን በዕዳ ተይዛ የምትቀርበት ጊዜ ነበር።

የባሰው ግን ሌላ ነው። መሬቱ ሳይታረስ ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ አራሽ ለምን ያስፈልጋል? የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ ባለርስቶቹ የአራሾቻቸውን ቁጥር «በተቻለ መጠን» እንዳይቀንሱ ያዝዝ ነበር። የተቻለውንና ያልተቻለውን የሚወስነው ግን ራሱ ባለርስቱ ሆነ። በሐምሌ 1934 በአርካንሳ ግዛት በታይሮንዛ ከተማ አጠገብ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኞች ማኅበርን አቋቋሙ። ነጭና ጥቁር በአንድ ወንበር መቀመጥ በሚያስቀጣበት አገር ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በየካቲት 1935 ደግሞ በዋሺንግተን፣ ጀሮም ፍራንክ የሚባሉት የሕግ ሹምና ባልደረቦቻቸው ሰባተኛው አንቀጽ አራሾቹን ከመባረር የሚጠብቅ ነው ብለው ስለ ተረጐሙ ከሥራቸው ተሰናበቱ።

በ1930 በደቡብ ግዛቶች 776,000 ያህል የነበሩት የእኩል አራሾች በ1940 ወደ 541,000 ወረዱ። ለዚህ ድጎማው ብቻውን ምክንያት አይደለም፤ ትራክተርም፣ ወደ ከተማ መሰደድም ድርሻ አላቸው። ይሁንና አንዳንዱ ባለርስት ትራክተሩን የገዛው መሬቱን ባለማረሱ በተከፈለው ገንዘብ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ 1936

እስከዚህ ድረስ ሕዝቡ የሚያውቀው ጠቅላላውን ድምር ነበር። ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ለገበሬዎች ተከፈለ ሲባል ይሰማል፤ ገበሬ የሚለው ቃል ደግሞ በሰሚው ልብ ውስጥ በማለዳ ተነሥቶ የሚያርሰውን ምስኪን ሰው ያሳያል። በጥር 1936 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ልዩ ቀረጡን ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የማይስማማ ነው ብሎ ሻረው። በዚያው ዓመት የሚቺጋን ግዛት እንደራሴ አርተር ቫንደንበርግ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ የተቀበሉት ሰዎችና ኩባንያዎች ይገለጹ ሲሉ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጥያቄ አቀረቡ።

ቫንደንበርግ የሩዝቬልት ተቃዋሚ ነበሩ፤ ዓመቱም የምርጫ ዓመት ነበር። ስለዚህ ጥያቄያቸው ለእኩል አራሹ ከማዘን ብቻ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ጠያቂው የፖለቲካ ጥቅም ስላለው ጥያቄው ዋጋ አያጣም። ከብዙ ክርክር በኋላ የትልልቆቹ ክፍያዎች መግለጫ ቀረበ። ክርክሩ ካረፈባቸው ኩባንያዎች አንዱ በሚሲሲፒ ግዛት ከ30,000 ኤከር በላይ የጥጥ መሬት የነበረው ዴልታ ኤንድ ፓይን ላንድ ነው። የኩባንያው ባለቤቶች በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የሚገኙ የጥጥ ፈታዮች ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ኦስካር ጆንስተን ደግሞ ድጎማውን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ውስጥ በ1933 የገንዘብ ክፍል ኀላፊ ሆነው ያገለገሉ፣ በኋላም በመንግሥት እጅ የገባውን ጥጥ እንዲያስተዳድሩ የተሾሙ ሰው ነበሩ።

ጆንስተን ሕግ አፈረሱ አላልኩም። ኩባንያቸው የተከፈለው በውሉ መሠረት ነው፤ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ቀነሰ፤ ብዙ የቀነሰው ብዙ ተከፈለው። የስም ዝርዝሩ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ሌባ አላጋለጠም፤ ያጋለጠው የሕጉን ሥራ ነው። በመሬት ስፋት የሚከፈል ድጎማ ለባለ ሰፊው መሬት እንደሚያደላ ማንም በሒሳብ ሊደርስበት ይችል ነበር። ነገር ግን ድምሩ ስም ሲያገኝ ሒሳቡ የሰው ፊት አገኘ።

የሰንፍላወር አውራጃ፤ 1967

ሁለተኛው ጊዜ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች የነበሩት ፖል ፊንድሊና ሲልቪዮ ኮንቲ ድጎማው ገደብ እንዲደረግለት ይከራከሩ ነበር፤ የትልልቆቹ ተቀባዮች ስምም በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ታተመ። በዚያ ጊዜ በካሊፎርኒያ ግዛት ጥጥ የሚያመርተው የቦዝዌል ኩባንያ በአንድ ዓመት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይቀበል እንደ ነበር ታወቀ። በሚሲሲፒ ግዛት በሰንፍላወር አውራጃ የሚገኘው የእንደራሴው የጄምስ ኢስትላንድ ቤተሰብ እርሻም በ1967 ከ160,000 ዶላር በላይ ተከፍሎታል። ኢስትላንድ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የእርሻ ኮሚቴ አባል ስለ ነበሩ፣ ድጎማውን ከሚወስኑት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ከዚሁ አውራጃ ሌላ ስም ላምጣ፤ ይህ ስም ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር ከእኩል አራሾች ቤተሰብ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ጥጥ መልቀም የጀመሩ ጥቁር ሴት ናቸው። በነሐሴ 1962 ለምርጫ ለመመዝገብ ስለ ሞከሩ፣ 18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ በዚያው ቀን ተባረሩ። በኋላ የሲቪል መብት ታጋይ ሆነው በአገሩ ሁሉ ታወቁ። በ1969 ደግሞ በዚያው አውራጃ የተባረሩት ሰዎች የሚበሉትን የሚያበቅሉበት የኅብረት እርሻ አቋቋሙ።

በሚያዝያ 1967 እንደራሴዎቹ ሮበርት ኬኔዲና ጆሴፍ ክላርክ ወደ ሚሲሲፒ ዴልታ ሄደው፣ ምግብ ያጡ ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች ጎብኝተው ነበር። በዚያን ጊዜ ማሽንና የአረም መድኀኒት የሰውን ጉልበት ተክተው ነበር። መሬት ሳይዘራ እንዲቀር በተከፈለ ቁጥርም የቀን ሠራተኛው ሥራ ይቀንስ ነበር። የመንግሥት ምግብ ቀደም ሲል በነጻ ይታደል የነበረባቸው አንዳንድ አውራጃዎች በኩፖን ወደሚገዛበት አሠራር ስለ ተዛወሩ፣ ገንዘብ ጨርሶ የሌለው ሰው ኩፖኑን የሚገዛበት አላገኘም። በአንድ አውራጃ ውስጥ አንዱ ባለማረሱ ተከፈለው፤ ሌላው የሚያርሰው ስላጣ ተራበ። የክፍያው ዝርዝርና የረኀቡ ወሬ በአንድ ዘመን መውጣታቸው ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ለማየት አስቻለ።

በ1970 በወጣው ሕግ አንድ ሰው ለአንድ ዓይነት ሰብል ከ55,000 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ተወሰነ፤ በ1973 ደግሞ ገደቡ ወደ 20,000 ዶላር ዝቅ አለ። ስሙ መውጣቱ ፍሬ አፍርቷል ለማለት ይቻላል።

አንድ ሰው ማለት ስንት ነው?

ነገር ግን ሕጉ ገደብ ያደረገው በአንድ «ሰው» ላይ ነው። በሕግ ዓይን ደግሞ ኩባንያም ሰው ነው። ስለዚህ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች በወረቀት ላይ ተከፋፈሉ። አባት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ባል፣ ከዚያም እነዚሁ ሰዎች የሚቋቁሟቸው ማኅበሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይጠይቁ ጀመር። ይህ በባሕርይው ቅርንጫፍ የሚያበዛ ሥራ ስለ ሆነ «የሚሲሲፒ የገና ዛፍ» የሚል ቅጽል ስም አገኘ። በ1987 ምክር ቤቱ አንድ ሰው ከሦስት በማይበልጡ መንገዶች ብቻ ድጎማ እንዲቀበል ወሰነ። ይህ ዛፉን ቆረጠው ከማለት ይልቅ ከረከመው ማለት ይሻላል።

ከዚህ የምንማረው፣ የስም ዝርዝር ስሞችን ብቻ የያዘ ከሆነ በቂ አለመሆኑን ነው። የማኅበሩ ስም ከኋላው ያለውን ሰው ይሸፍናል። ስለዚህ ክርክሩ ስሙ ይውጣ ከሚለው ወደ እውነተኛው ባለቤት ይታወቅ ወደሚለው ተሻገረ።

ፍርድ ቤትና ኢንተርኔት

በ1966 የተፈረመው የመረጃ ነጻነት ሕግ ማንም ሰው በመንግሥት እጅ ያለውን ሰነድ እንዲጠይቅ ፈቅዷል፤ የሰውን የግል ኑሮ የሚመለከተው ግን ሊከለከል ይችላል። ዋሺንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ የጥጥ ድጎማ ተቀባዮችን ስም ሲጠይቅ፣ የእርሻ ሚኒስቴር ይህ የግል ጉዳይ ነው ብሎ ከለከለ። በ1996 የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሕዝቡ ገንዘቡ ለማን እንደ ዋለ ማወቁ ይበልጣል በማለት ስሙ እንዲሰጥ አዘዘ።

በ2001 ኤንቫይሮንሜንታል ዎርኪንግ ግሩፕ የሚባል ማኅበር፣ ከሚኒስቴሩ ያገኘውን የክፍያ መዝገብ በኢንተርኔት ላይ አወጣው። ከዚያ በፊት ዝርዝሩን የሚያየው እንደራሴና ጋዜጠኛ ነበር፤ አሁን ግን ማንኛውም ገበሬ ቤቱ ተቀምጦ የጎረቤቱን ክፍያ ማየት ቻለ። በ2006 ደግሞ ዋሺንግተን ፖስት መዝገቡን መርምሮ፣ ከ2000 ወዲህ ጨርሶ ለማያርሱ ሰዎች ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር መከፈሉን ጻፈ። ከእነዚህ መካከል በቴክሳስ ግዛት ዱሮ ሩዝ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ የመኖሪያ ቤት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ክፍያው የሚሰላው መሬቱ በቀደሙት ዓመታት ባስገኘው ሰብል ስለ ነበር፣ ከሩዙ ዘመን የቀረ መብት በቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር።

በ2008 በወጣው የእርሻ ሕግ የሦስቱ መንገዶች ደንብ ቀረ፤ በማኅበር በኩል የሚያልፈው ገንዘብም መጨረሻ ላይ በሚደርስበት ሰው ስም እንዲቆጠር ታዘዘ። በ2014 ደግሞ ታርሶም ሳይታረስም ይሰጥ የነበረው ቀጥተኛ ክፍያ ቆመ። ከሰባ ዓመት በላይ በተደረገው ክርክር ውስጥ የስም ዝርዝሩ ትልቁ ድል ይህ ይመስለኛል።

በዚያው ጊዜ ግን ገንዘቡ መንገድ ለወጠ። ከቀጥተኛው ክፍያ ይልቅ የሰብል ኢንሹራንስ ዋናው መደገፊያ ሆነ። በዚህ አሠራር ገበሬው ከሚገባው የኢንሹራንስ ክፍያ ውስጥ በአማካይ ከመቶ 60 ያህሉን መንግሥት ይከፍልለታል። ይህ እርዳታ እንደ ሌላው ድጎማ ለአንድ ሰው የተወሰነ ገደብ አልተበጀለትም፤ የእያንዳንዱ ባለ ኢንሹራንስ መረጃም እንዳይገለጥ ሕጉ ይከለክላል። የ1936ቱ ጥያቄ እንደገና ከመጀመሪያው ሊጠየቅ ነው ማለት ነው።

ስለ ተቃዋሚዎቹ አሳብ

ስሙ አይውጣ የሚሉትን ሰዎች ሁሉ ሌባ ደባቂ ናቸው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የአንድ ገበሬ ገቢ በመንደሩ ሲታወቅ ቅናትና ጠብ ሊያመጣ ይችላል። በአውሮፓ ይህ አሳብ በፍርድ ቤት ተሰሚነት አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኅዳር 9 ቀን 2010 በሰጠው ፍርድ፣ የግለሰብ ገበሬዎችን ስም የገንዘቡ ብዛትና የጊዜው ርዝመት ሳይለይ በጅምላ ማውጣት ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ከለከለ፤ የኩባንያዎቹን ስም ማውጣት ግን ፈቀደ። በ2013 ኅብረቱ ሕጉን አሻሽሎ፣ አነስተኛ ገንዘብ የሚቀበሉት ስማቸው ተሸፍኖ የሌሎቹ እንዲወጣ አደረገ።

ይህ መንገድ ለእኔ ትክክለኛ መስሎ ይታየኛል። ትንሹን ገበሬ ከጎረቤቱ ዓይን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሚሊዮን የሚቀበለውን ኩባንያ ከግብር ከፋዩ ዓይን መሰወር ግን ሌላ ነው። ከሕዝብ ገንዘብ የሚቀበል ሰው፣ የሚቀበለው እየበዛ በሄደ መጠን የመታየት ግዴታውም አብሮ መብዛት አለበት።

ማጠቃለያ

የአሜሪካን ታሪክ ስንመለከት፣ በ1936 የወጣው መግለጫ ሕጉ ለማን እንደሚያደላ አሳየ፤ በ1960ዎቹ የታተመው ዝርዝር ገደብ አመጣ፤ በ2001 ለሁሉ የተከፈተው መዝገብ እውነተኛው ባለቤት እንዲፈለግ አደረገ። በየጊዜው ድጎማውን የሚያገኙት ሰዎች አዲስ መንገድ አገኙ፤ ሕዝቡም እንደገና መጠየቅ ነበረበት። ስለዚህ የስም ዝርዝር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ እንደ አረም በየክረምቱ የሚታረም ነው።

ይሁንና ከዝርዝሮቹ ሁሉ ውስጥ የአርካንሳዎቹ 18 ሰዎች ስም አይገኝም። የወይዘሮ ሄመርም የለም። ስማቸው የጠፋው በጸሐፊ ስሕተት ወይም በተንኮል አይደለም፤ ክፍያው በመሬት ስለ ተሰፈረ፣ መሬት የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መዝገቡ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐቀኛ መዝገብ ግን ያላግባብ የወጣን ሕግ አያቀናም። የእኔ ትውልድ ተማሪዎች አንድ ቀን በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለማዘጋጀት ወይም ለመመርመር እንታዘዝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ካለው ድምር በፊት ስሞቹን እናንብብ፤ ስሞቹን ካነበብን በኋላም መሬቱን የሚያርሰው ሰው ከእነርሱ መካከል እንዳለ እንጠይቅ።